ለቆየ የእግር ደም መልስ ሕመም የትኛውን የምደባ ዘዴ እንምረጥ? በአዲስ አበባ ዳርቻ ጤና ጣቢያዎች ለሚሠሩ ባለሙያዎች

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በገላን ወይም በሰበታ ባለ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ጤና መኮንን «እግሬ ጠዋት ደህና ነው፤ ወደ ማታ ግን ይከብደኛል፣ ያብጣል» የሚል ታካሚ ሲቀበል፣ ካርዱ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሰፍረው «ቫሪኮስ ቬን» (የተጠማዘዘ ደም መልስ) ወይም «የእግር እብጠት» የሚል አጭር ቃል ነው። ታካሚው ከወራት በኋላ ተመልሶ ሲመጣና ሌላ ባለሙያ ሲያየው፣ ያ ቃል ሕመሙ ተባብሷል ወይስ ተሽሏል የሚለውን አይነግረውም። ሪፈር የተጻፈለት ሆስፒታልም ከወረቀቱ የሚያገኘው መረጃ ስለሌለ ሁሉን ነገር ከመጀመሪያው ይጠይቃል፤ የዕለት ሥራውን ትቶ፣ ሁለትና ሦስት ታክሲ ቀይሮ መሐል ከተማ የደረሰው ታካሚ ደግሞ ያንን ቀን መልሶ አያገኘውም።

በሥራ ላይ ያሉት ዋና ዋና የምደባ ዘዴዎች ሦስት ናቸው፦ ሲኢኤፒ (CEAP)፣ ቪሲኤስኤስ (VCSS፣ የደም መልስ ሕመም ክብደት ነጥብ) እና የቪላልታ መለኪያ። ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «የቱ ይሻላል?» የሚል ነው፤ ነገር ግን ሦስቱ የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ስለሆነ በዚህ መንገድ ሊወዳደሩ አይችሉም። ሲኢኤፒ «ዛሬ ያለው ሕመም ምን ዓይነት ነው?» ለሚለው፣ ቪሲኤስኤስ «ከባለፈው ጋር ሲነጻጸር ምን ተለወጠ?» ለሚለው፣ ቪላልታ ደግሞ «ከዚህ በፊት የደረሰው የደም መርጋት ምን ያህል ጉዳት ጥሎ አለፈ?» ለሚለው መልስ ይሰጣሉ። ስለዚህ ምርጫው መጀመር ያለበት ከታካሚው ፊት ተቀምጠን የምንጠይቀውን ጥያቄ በመለየት ነው። ሁለተኛው መመዘኛ ደግሞ በእጃችን ያለው መሣሪያ ነው፤ ዱፕሌክስ አልትራሳውንድ (የደም ሥሮችንና በውስጣቸው ያለውን የደም ፍሰት የሚያሳይ መሣሪያ) በሌለበት ክፍል ውስጥ በእውነት ልንጽፈው የምንችለውና የማንችለው ነገር አለ።

ከምደባው በፊት

ሦስቱም ዘዴዎች የተሠሩት መንስኤው የደም መልስ ሕመም መሆኑ ለታመነበት እግር ነው። ያልሆነውን እግር ብንሰጣቸውም ቁጥር ያወጣሉ፤ አደገኛነታቸውም እዚህ ላይ ነው። በእኛ አካባቢ ይህ ስሕተት በቀላሉ ይፈጸማል፤ ምክንያቱም በከተማዋ ዳርቻ ከሚኖሩት ውስጥ ከደጋው ገጠር መጥተው የሰፈሩ ብዙዎች ናቸው፣ ከእነርሱም መካከል ለዓመታት በባዶ እግራቸው ያረሱና የፖዶኮኒዮሲስ ምልክት ያለባቸው ይገኛሉ። ፖዶኮኒዮሲስ፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር በቆዳ ውስጥ እየገባ የሊምፍ ቱቦዎችን ሲጎዳ የሚመጣ ነው። እብጠቱ ከእግር መዳፍና ከጣቶች ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ ሁለቱንም እግር የሚይዝ ቢሆንም መጠኑ እኩል ላይሆን ይችላል። ቆዳው ይወፍራል፣ ይሻክራል፣ በጣቶቹም ላይ ትናንሽ እብጠቶች ይወጣሉ። በሁለተኛው የእግር ጣት ሥር ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጦ ማንሣት ካልተቻለ፣ ችግሩ የሊምፍ መሆኑን አጥብቆ መጠርጠር ይገባል። የደም መልስ እብጠት በአንጻሩ በቁርጭምጭሚት ዙሪያ ይጀምራል፣ ጣቶችን ብዙውን ጊዜ አይነካም፣ ሌሊት እግር ከፍ ብሎ ሲያድር ጠዋት ይቀንሳል። ፖዶኮኒዮሲስ የራሱ አምስት ደረጃ ያለው ምደባ ስላለው በሲኢኤፒ ውስጥ ሊገባ አይገባም።

ሁለቱም እግሮች በእኩል ካበጡ ልብን፣ ኩላሊትንና ጉበትን ማሰብ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የደም ግፊት መድኃኒቱ ነው። አምሎዲፒን የሚወስዱ ታካሚዎቻችን ብዙ ናቸው፤ መድኃኒቱ ራሱ የቁርጭምጭሚት እብጠት ያስከትላል። የመድኃኒት ዝርዝሩን ሳይጠይቁ «ሲ3» (በሲኢኤፒ ከደም መልስ ሕመም የመጣ እብጠት) ብሎ መጻፍ ታካሚውን ወደማያስፈልገው ምርመራ መላክ ነው።

ቁስል ካለ ቦታው ብዙ ይናገራል። የደም መልስ ቁስል በአብዛኛው ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት በላይ ይወጣል፤ በጣቶች ጫፍ ላይ ያለና በጣም የሚያም ቁስል የደም ቅዳ መጥበብን፣ በውስጥ እግር ላይ ያለና የማያም ቁስል ደግሞ የስኳር ሕመም ያስከተለውን የነርቭ ጉዳት ያመለክታል። የምደባው ውጤት ማጥበቂያ ፋሻ ወደ ማድረግ የሚወስድ ስለሆነ፣ በእግር ጀርባና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ ያለውን የደም ቅዳ ትርታ ሳይዳስሱ ማለፍ አይፈቀድም። የቁርጭምጭሚቱን የደም ግፊት ለክንዱ በማካፈል የሚገኘው ቁጥር ከ0.8 በታች ከሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከ0.5 በታች ከሆነ እግሩን ማጥበቅ ጉዳት ያደርሳል።

አንድ እግር በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት አብጦ ባቱ የሚያም ከሆነ ደግሞ ይህ መመሪያ አይመለከተውም። የጥልቅ ደም መልስ መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት።

ሲኢኤፒ፦ ዛሬ ያለውን ለመግለጽ

እ.ኤ.አ. በ1994 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ቬነስ ፎረም፣ የደም መልስ ሐኪሞች ማኅበር፣ በሐዋይ፣ በማዊ ደሴት ባካሄደው ስብሰባ ላይ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ባለሙያዎች ሲኢኤፒን አዘጋጁ፤ በ2004 ተሻሻለ፣ በ2020 ደግሞ እንደገና ታደሰ። አራት ክፍሎች አሉት፦ ሲ በዓይን የሚታየውና በእጅ የሚዳሰሰው ምልክት፣ ኢ መንስኤው፣ ኤ ሕመሙ ያለበት የደም መልስ ክፍል፣ ፒ ደግሞ የተፈጠረው የአሠራር ጉድለት ነው።

በጤና ጣቢያ ደረጃ ሙሉ በሙሉ ልንሠራው የምንችለው ሲ የሚባለውን ክፍል ነው፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ሊሠራ ይገባል። ታካሚው ጫማና ካልሲውን አውልቆ፣ እግሩን እስከ ብሽሽት ገልጦ ለጥቂት ደቂቃ ይቁም። ተኝቶ የታየ እግር ያታልላል፤ ደም መልሶቹ ደማቸውን ስለሚያራግፉ በቆመ ሰው ላይ በግልጽ የሚወጡት እብጠቶች ይጠፋሉ። ለሴት ታካሚዎች መጋረጃ መዘርጋትና ለሌላው እግር መሸፈኛ መስጠት ከምርመራው ተለይቶ የሚታይ ነገር አይደለም። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ብቻ ሰብስባ የቆመች ሴት የጭኗ ደም መልስ ሳይታይ ይቀራል፣ ምደባውም ይሳሳታል።

ምንም የሚታይ ወይም የሚዳሰስ ምልክት ከሌለ ሲ0 ነው። ስፋታቸው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑ ቀጫጭን ቀይ ሥሮች፣ ወይም ከ1 ሚሊ ሜትር ጀምሮ 3 ሚሊ ሜትር ያልሞሉ ሰማያዊ ደም መልሶች ሲ1 ይባላሉ። በቆመ ሰው ላይ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ የተጠማዘዘ ደም መልስ ሲ2 ነው፤ በሕክምና ጠፍቶ ተመልሶ የመጣ ከሆነ ሲ2አር ተብሎ ይጻፋል። ከደም መልስ ሕመም የመጣ እብጠት ሲ3 ነው። ሲ4 የቆዳ ለውጥ ሲሆን በሦስት ይከፈላል፦ መጥቆር ወይም ችፌ ሲ4ኤ፣ የቆዳና የሥሩ ስብ መድደር ወይም ነጭ ጠባሳ ሲ4ቢ፣ በ2020 የተጨመረው ደግሞ በቁርጭምጭሚት ውስጠኛ ጎን የሚታየው የቀጫጭን ሥሮች ክምችት፣ ኮሮና ፍሌቤክታቲካ፣ ሲ4ሲ ነው። ይህ የመጨረሻው ቀላል የውበት ጉዳይ መስሎ ሊታለፍ ቢችልም፣ ወደፊት ቁስል ሊወጣ እንደሚችል ከሚጠቁሙ ምልክቶች አንዱ ስለሆነ ራሱን የቻለ ቦታ ተሰጥቶታል። የዳነ ቁስል ሲ5፣ ያልዳነ ቁስል ሲ6፣ ድኖ የተመለሰ ቁስል ሲ6አር ነው። ታካሚው ሕመም፣ መክበድ፣ ማሳከክ ወይም የባት መሸምቀቅ የሚሰማው ከሆነ «ኤስ»፣ ምንም የማይሰማው ከሆነ «ኤ» ይጨመራል። ይህች ፊደል ትንሽ ብትመስልም ሊዘለል የማይገባው ነገር ነው፤ ሪፈር የሚያስፈልገውን ሲ2 ከማያስፈልገው የምትለየው እርሷ ናትና።

ኢ፣ ኤ እና ፒ ላይ ስንደርስ ታማኝነት ይፈተናል። መንስኤው ከደም መልሱ ግድግዳና ቫልቭ የመጣ ነው ወይስ ከቀድሞ የደም መርጋት? ጉዳቱ ከቆዳ ሥር ባለው፣ በጥልቁ ወይስ ሁለቱን በሚያገናኘው ደም መልስ ውስጥ ነው? ደሙ በተበላሸ ቫልቭ በኩል ቁልቁል እየተመለሰ ነው ወይስ መንገዱ ተዘግቷል? እነዚህን ጥያቄዎች በዓይንና በእጅ ብቻ መመለስ አይቻልም። በዱፕሌክስ ላይ እንኳ ውሳኔው በሰከንድ ክፍልፋይ የሚለካ ነው፤ ቁልቁል የሚመለሰው ደም ከቆዳ ሥር ባለ ደም መልስ ከ0.5 ሰከንድ፣ በጭንና በጉልበት ኋላ ባለው ጥልቅ ደም መልስ ደግሞ ከ1 ሰከንድ በላይ ከቆየ እንደ ጉድለት ይቆጠራል። በጤና ጣቢያ ካርድ ላይ ከሲ በኋላ «ኤን» እየተባለ ሲሞላ ይታያል። ኤን ማለት ግን ተፈልጎ አልተገኘም ማለት ነው፤ ሳይመረመር የቀረን ነገር በኤን መሙላት፣ ቀጣዩን ሐኪም ምርመራ የተደረገ እንዲመስለው ያደርገዋል። ስለዚህ «ኢ፣ ኤ፣ ፒ አልተመረመሩም» ብሎ በግልጽ መጻፍ ይሻላል። ሲኢኤፒ ራሱ የምርመራውን ቀንና ደረጃ መጻፍ ይጠይቃል፦ የአካል ምርመራና በእጅ የሚያዝ ዶፕለር (የደም ፍሰትን በድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ) ደረጃ 1፣ ዱፕሌክስ ደረጃ 2፣ ከዚያ በላይ ያሉት የደም ሥር ሥዕሎች ደረጃ 3 ናቸው። «ደረጃ 1» ብሎ መጻፍ የሚያሳፍር አይደለም፤ አንባቢው መረጃውን በልኩ እንዲያምነው ያደርጋል።

የሲኢኤፒ ድክመት እንደ መሰላል መነበቡ ነው። ከሲ1 እስከ ሲ6 ያለው ቅደም ተከተል ሁሉም ሰው የሚያልፍበት የጉዞ መስመር አይደለም። ሲ2 ያለባቸው ብዙዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁስል አያዩም፤ ሲ4ቢ ያለበት ሰው ደግሞ ከቆዳው ላይ የሚታይ ትልቅ ደም መልስ ላይኖረው ይችላል። ከሁሉም በላይ የሕክምናን ውጤት አያሳይም። ቁስሉ በግማሽ የቀነሰ ታካሚ አሁንም ሲ6 ነው፤ ከዳነ በኋላም ሲ5 ሆኖ ይቀራል።

በጠቆረ ቆዳ ላይ

በብዙ የማስተማሪያ መጻሕፍት ላይ ያሉት ሥዕሎች የነጭ ቆዳ ናቸው። ቀይ የሚባለው ብግነት በእኛ ታካሚዎች ላይ ቀይ ሆኖ አይታይም፤ ጠቆር ያለ፣ ወደ ሐምራዊ ያደላ ወይም ግራጫ የመሰለ ቀለም ይይዛል፤ አንዳንዴም ምንም ለውጥ ሳይታይ ሙቀቱ ብቻ ይሰማል። ስለዚህ በእጅ ጀርባ ሁለቱን እግሮች እያፈራረቁ መንካት ከመመልከት ይቀድማል። የቆዳ መጥቆርም እንዲሁ ነው፤ አንዱን እግር ብቻ አይቶ መፍረድ ስለማይቻል፣ ቁርጭምጭሚቱን ከሌላው እግር ቁርጭምጭሚትና ከራሱ ከላይኛው የባት ቆዳ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ሲ1ን በሚመለከት፣ ቀጫጭኖቹ ሥሮች በጠቆረ ቆዳ ላይ ሳይታዩ የመቅረታቸው ዕድል ትልቅ ነው፤ ከጣሪያው መብራት ይልቅ ከጎን የሚበራ የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት ጥላ ስለሚፈጥር ከፍ ያለውን ደም መልስ በተሻለ ያሳያል። መድደርን ግን ማንኛውም ቆዳ አይደብቀውም። በአውራ ጣት ሲጫኑት የማይሰረጉድ፣ ከሥሩ ካለው ጋር የተጣበቀ ቆዳ ከተገኘ፣ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን ሲ4ቢ ነው።

ቪሲኤስኤስ፦ ለውጡን ለመለካት

በ2000 የወጣውና በ2010 የተሻሻለው ቪሲኤስኤስ አሥር ነገሮችን ከ0 እስከ 3 እየመዘነ ይደምራል፤ ከፍተኛው ውጤት 30 ነው። አሥሩም ሕመም፣ የተጠማዘዘ ደም መልስ፣ እብጠት፣ የቆዳ መጥቆር፣ ብግነት፣ መድደር፣ ያልዳኑ ቁስሎች ብዛት፣ የቁስሉ ዕድሜ፣ የቁስሉ ስፋትና የማጥበቂያ ካልሲ አጠቃቀም ናቸው። ማስመሪያና ጥሩ ብርሃን ካለ የትኛውም ነርስ ልትሠራው ትችላለች፤ አልትራሳውንድ አያስፈልገውም።

አጠቃቀሙ በምሳሌ ይታይ። ለሆቴሎች እንጀራ የምትጋግር፣ ከንጋት ጀምሮ ምጣድ ፊት የምትቆም፣ አምስት ልጆች የወለደች እናት፣ በግራ እግሯ ውስጠኛ ቁርጭምጭሚት በላይ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ አምስት ወር የሆነው ቁስል ይዛ መጣች እንበል። ሕመሙ በየቀኑ አለ፣ ሥራዋን ያውካል እንጂ አያስቆማትም፤ 2። የተጠማዘዙት ደም መልሶች ባቷ ላይ ብቻ ናቸው፤ 2። እብጠቱ ከቁርጭምጭሚት በላይ ሆኖ ከጉልበት በታች ነው፤ 2። መጥቆሩ የባቷን የታችኛውን ሲሶ ይዟል፤ 2። ብግነቱ በቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ ብቻ ነው፤ 1። መድደሩ የታችኛውን ሲሶ ይዟል፤ 2። ቁስሉ አንድ ነው፤ 1። ከሦስት ወር በላይ ሆኖት ዓመት አልሞላውም፤ 2። ስፋቱ ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 2። ማጥበቂያ አትጠቀምም፤ 0። ድምሩ 16 ነው፤ በሲኢኤፒ ደግሞ ሲ6 ናት።

ከሦስት ወር በኋላ፣ በየቀኑ ማጥበቂያ ፋሻ ታስሮላት፣ ቁስሉ ወደ 1.5 ሴንቲ ሜትር ጠበበ፣ ሕመሙም አልፎ አልፎ ብቻ ሆነ፣ እብጠቱ ወደ ቁርጭምጭሚት ወረደ፣ ብግነቱ ጠፋ እንበል። በሲኢኤፒ ያው ሲ6 ናት። በቪሲኤስኤስ ግን ከካልሲው በስተቀር ያሉት ዘጠኙ ነጥቦች ከ16 ወደ 12 ወርደዋል፤ ሕክምናው እየሠራ እንደሆነ ለእርሷም ለባለሙያውም የሚታይ ማስረጃ ነው። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሲዳን ደግሞ ሦስቱ የቁስል ነጥቦች ዜሮ ስለሚሆኑ ዘጠኙ ወደ 8 ይወርዳሉ።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ማጥበቂያውን ሳያጓድል የተጠቀመ ታካሚ በአሥረኛው ነጥብ 3 ያገኛል፤ ምንም ያልተጠቀመ 0 ያገኛል። የእኛዋ እናት ፋሻዋን በታማኝነት ስላሰረች ድምሯ 8 መሆኑ ቀርቶ 11 ይሆናል። የመለኪያው ሐሳብ የሕክምናውን ሸክም መቁጠር ነው፤ ነገር ግን ካልሲ መግዛት የማትችል ሴት ከምትችለዋ የተሻለች እስክትመስል ድረስ ቁጥሩን ያዛባዋል። ስለዚህ በእኔ አመለካከት ድምሩን ሁልጊዜ በሁለት መንገድ መጻፍ ይገባል፦ «8 ከማጥበቂያ ውጪ፣ 11 ከማጥበቂያ ጋር»። ያለዚህ በሁለት ጤና ጣቢያዎች መካከል የሚደረግ ንጽጽር ትርጉም አይኖረውም።

ቪሲኤስኤስ ደካማ የሚሆነው በቀላል ሕመም ላይ ነው። ሲ1 ወይም ያለ ቆዳ ለውጥ ያለ ሲ2 የያዘ ሰው ነጥቡ ከጥቂት ስለማይዘል፣ በእርሱ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም።

ቪላልታ፦ ከደም መርጋት በኋላ ብቻ

የቪላልታ መለኪያ በ1990ዎቹ በጣልያን የተዘጋጀ ሲሆን፣ የጥልቅ ደም መልስ መርጋት ያለፈባቸውን ሰዎች ለመከታተል ያገለግላል። ታካሚው የሚናገራቸውን አምስት ስሜቶች፣ ማለትም ሕመም፣ መሸምቀቅ፣ መክበድ፣ መወረርና ማሳከክ፣ እንዲሁም ባለሙያው የሚያያቸውን ስድስት ምልክቶች፣ ማለትም በቅልጥም ላይ የሚታይ እብጠት፣ መድደር፣ መጥቆር፣ መቅላት፣ የደም መልሶች መስፋትና ባት ሲጫኑት የሚሰማ ሕመም፣ እያንዳንዳቸውን ከ0 እስከ 3 ይመዝናል። ከ5 በታች ከሆነ የለበትም ይባላል፤ ከ5 እስከ 9 ቀላል፣ ከ10 እስከ 14 መካከለኛ፣ 15ና ከዚያ በላይ ወይም ማንኛውም ቁስል ካለ ከባድ ነው።

ከመርጋቱ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር ሳይሞላ መለካት አይገባም፤ የመጀመሪያው እብጠትና ሕመም ገና ስላልሰከነ ውጤቱ ያሳስታል። መርጋቱ በአልትራሳውንድ ላልተረጋገጠለት ሰውም መጠቀም ስሕተት ነው። ቀን ሙሉ በአበባ እርሻ ወይም በፋብሪካ ቆማ የምትውል፣ መርጋት ደርሶባት የማያውቅ ወጣት ሴት መክበድ፣ ሕመም፣ እብጠትና የሰፋ ደም መልስ ሊኖራት ስለሚችል በቀላሉ ከ5 በላይ ታገኛለች፤ በዚህ ምክንያት ብቻ «ከመርጋት በኋላ የመጣ ሕመም» የሚል ስም በካርዷ ላይ ከተጻፈ፣ ከዚያ በኋላ በሚመጣ እርግዝናና ቀዶ ሕክምና ሁሉ ይከተላታል።

የቆዩት ዘዴዎች

በ1978 የወጣው የዊድመር ምደባና በ1988 የወጣው የፖርተር ምደባ አሁንም በአንዳንድ የቆዩ የማስተማሪያ ጽሑፎች ውስጥ ይገኛሉ። የዊድመር ሦስት ደረጃዎች ቀላል ቢሆኑም የዳነና ያልዳነ ቁስልን በአንድ ላይ ይጨፈልቃሉ። አዲስ ካርድ ለሚከፍት ባለሙያ አይመከሩም። የዓለም አቀፉ የበሽታዎች መለያ ኮድ፣ ለምሳሌ ለእግር ቫሪኮስ ቬን የተሰጠው አይ83፣ ለሪፖርት ያስፈልጋል እንጂ ሕክምናን ለመምራት አይበቃም።

በየሁኔታው የትኛውን?

ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣ ማንኛውም ታካሚ የሲኢኤፒ ሲ ክፍል ለእያንዳንዱ እግር ለየብቻው ይጻፍ። ከፍተኛውን ቁጥር ብቻ መጻፍ የተፈቀደ ቢሆንም፣ በእኛ ሁኔታ የታዩትን ሁሉ መዘርዘር ይሻላል፤ ከሲ6 ጀርባ ሲ2 መኖር አለመኖሩን ማወቅ ለሚቀበለው የቀዶ ሐኪም ትልቅ ትርጉም አለው። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ከተመዘነች የእርግዝናዋ ወር ጎን ለጎን ይጻፍ፤ በእርግዝና ጊዜ የወጡ ደም መልሶች ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ብዙ ጊዜ ስለሚቀንሱ ከዚያ በኋላ እንደገና ትታይ።

ሲ4 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ በተለይም ቁስል ላለበት፣ ቪሲኤስኤስ ይጨመርና በየወሩ ይደገም። ቁስሉ የሚታሰርበትን ክፍል የያዘችው ሲስተር ብትሠራው የተሻለ ነው፤ አንድ ሰው ደጋግሞ ሲለካው በለኪዎች መካከል የሚፈጠረው ልዩነት ይቀንሳልና። የመርጋት ታሪኩ በወረቀት የተረጋገጠ ሰው ቪላልታ ይሠራለት፤ ቁስል ካለበት ግን ቪላልታ የቁስሉን ስፋትና ዕድሜ ስለማይለካ ቪሲኤስኤስም አብሮ ያስፈልጋል። ሲ0 ወይም ሲ1 ሆኖ ምንም ለማይሰማው ሰው አንዷ መስመር ትበቃለች።

ሪፈርን በሚመለከት፣ ሲ2 ሆኖ የሚሰማው ሕመም ያለበት፣ ማንኛውም ሲ4፣ እንዲሁም ከጉልበት በታች ወጥቶ በሁለት ሳምንት ያልዳነ ቁስል ለዱፕሌክስ ሊላኩ ይገባል። ቁስልን ለወራት በፋሻ ብቻ አስሮ መጠበቅ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በእንግሊዝ አገር ተካሂዶ በ2018 የታተመው የኤቭራ ጥናት፣ ከፋሻው ጋር የተበላሸው የቆዳ ሥር ደም መልስ ቀድሞ የታከመላቸው ሰዎች ቁስላቸው ለመዳን የወሰደበት መካከለኛ ጊዜ 56 ቀን፣ ሕክምናው ለዘገየባቸው ደግሞ 82 ቀን መሆኑን አሳይቷል። ቀደም ሲል በ2004 የታተመው የኤስካር ጥናትም፣ ከፋሻው ጋር ቀዶ ሕክምና ያገኙት ሰዎች በዓመት ውስጥ ቁስሉ የተመለሰባቸው 12 በመቶ፣ ፋሻ ብቻ ያገኙት ደግሞ 28 በመቶ እንደነበሩ ዘግቧል። ይህ ሕክምና ለማን እንደሚጠቅም የሚለየው ኤ እና ፒ ስለሆነ፣ እኛ ልንሞላቸው የማንችላቸውን ክፍሎች የሚሞላልን ሆስፒታል ማስፈለጉ ከዚህ ይመጣል።

ከላይ ለተጠቀሰችው እናት በመጀመሪያው ቀን የሚጻፈው የሪፈር ወረቀት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ግራ እግር ሲ2፣ 3፣ 4ኤ፣ 4ቢ፣ 6 ኤስ፤ ቀኝ እግር ሲ2 ኤ። ኢ፣ ኤ፣ ፒ አልተመረመሩም፤ የምርመራ ደረጃ 1። ቪሲኤስኤስ በግራ እግር 16፣ ማጥበቂያ አልተጀመረም። የደም ቅዳ ትርታ በሁለቱም ቦታ ይዳሰሳል። የስኳር ሕመምና የደም መርጋት ታሪክ የላትም፤ አምሎዲፒን አትወስድም። የሁለቱም እግሮች ዱፕሌክስ ቆማ እንዲሠራላትና የኢ፣ ኤ፣ ፒ ውጤት በዚሁ ወረቀት ጀርባ ተጽፎ እንዲመለስልን እንጠይቃለን።» የመጨረሻው ጥያቄ መቅረት የለበትም፤ የሆስፒታሉ መልስ ወደ ጤና ጣቢያው ካርድ ካልገባ፣ ፋሻውን በየሳምንቱ የምታስረው ሲስተር የምትከታተለው ሕመም የቆዳ ሥር ይሁን የጥልቁ ሳታውቅ ትቀጥላለችና።